ሁለት ዲስክ ያለው ሰርቨር በአንዱ አልነሳ ሲል

የአንድ ድርጅት ድረ ገጽ መንቀርፈፍ ጀመረ። እንደተለመደው መጀመሪያ የተወቀሰው ኢንተርኔቱ ነው። ቆይቶ የሲስተም አስተዳዳሪዋ ሰርቨሩ ውስጥ ገብታ የዲስኩን የጤና መዝገብ ስትከፍት ሁለት መስመሮች ነገሩን ግልጽ አደረጉት። መለያ ቁጥር 9፣ ማለትም ዲስኩ በርቶ የቆየበት ሰዓት፣ ከ43,800 አልፏል፤ 5 ዓመት ሙሉ ሌት ተቀን ማለት ነው። መለያ ቁጥር 197፣ ማለትም አልነበብ ያሉ ሴክተሮች ብዛት፣ ዜሮ መሆን ሲገባው 16 ይላል። በማግስቱ 24 ሆነ። ይህ ቁጥር ትንሽ ከፍ ብሎ ባለበት የሚረጋበት ጊዜ አለ፤ ከቀን ወደ ቀን ሲጨምር ግን ዲስኩ እየሞተ ነው።

ሶፍትዌሩም ጊዜው አልፎበታል። የተጫነው ሴንትኦኤስ 7 የተባለ የሊኑክስ ሲስተም ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 ቆሟል፤ አብሮት የመጣው ፒኤችፒ 5.4፣ ገጹ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ደግሞ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ የተተወ ነው። ዲስክ ብቻ ለውጦ መቀጠል ችግሩን ለሌላ ጊዜ ማሳደር ስለሆነ አዲስ ሰርቨር ይሠራ ተባለ።

«አሁኑኑ አጥፍተን፣ ዲስኩን ነቅለን በሌላ ማሽን እንገልብጠው» ያሉ ነበሩ። አስተዳዳሪዋ አልተቀበለችም፤ ልክ ነበረች። ለዓመታት ያለማቋረጥ ሲሽከረከር የኖረ ዲስክ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ሞተሩ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል። በዚያ ዕድሜ የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ አልቋል፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) ቅንብሩም ይጠፋል። ስለዚህ ሰርቨሩ እየሠራ እያለ ተገለበጠ፤ ቅደም ተከተሉም በመጠን ሳይሆን በዋጋ ነበር። መጀመሪያ ዳታቤዙ፣ ቀጥሎ የቅንብር ፋይሎቹ፣ ከዚያ ተጠቃሚዎች የጫኗቸው ምስሎችና ሰነዶች፣ በመጨረሻ የቀረው ሁሉ። ሎግ (የሥራ መዝገብ) እና ጊዜያዊ ፋይል በሚሞት ዲስክ ላይ ማንበብ የቀረውን ዕድሜ በከንቱ መጨረስ ነው።

ዕቃ ሲመረጥ ገንዘቡን ፕሮሰሰር ላይ ማፍሰስ የተለመደ ስህተት ነው። ለመካከለኛ ድረ ገጽ 6 ወይም 8 ኮር፣ 65 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር ይበቃል። የሚያዋጣው በዲስኩና በራሙ አለመሰሰት ነው። የተመረጡት ሁለት 960 ጊጋባይት ኤስኤስዲዎች ናቸው፤ ለሰርቨር የተሠሩ፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ በመንገድ ላይ ያለውን ዳታ ጽፈው ለመጨረስ የሚያስችል ካፓሲተር ያላቸው። ተራው ኤስኤስዲ «ጽፌያለሁ» ብሎ ለዳታቤዙ ከመለሰ በኋላ ዳታው ገና በጊዜያዊ ማከማቻው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ዲስኮች ከተለያዩ አምራቾች ተገዙ፤ ከአንድ ካርቶን የወጡ ዲስኮች አንድ ዓይነት የፈርምዌር (የዲስኩ የውስጥ ፕሮግራም) እንከን ካለባቸው በአንድ ሰሞን ይሞታሉ። ለባክአፕ ደግሞ ለብቻው ሦስተኛ ዲስክ በሌላ ማሽን ላይ። ፓወር ሰፕላዩ 450 ዋት ነው፤ ከዚያ የበለጠ ለዚህ ሥራ ምንም አይጨምርም።

መጀመሪያ የተደናቀፉት ራሙ ላይ ነው። ስህተት የሚያርም ራም፣ ኢሲሲ የሚባለው፣ ይሁን ተብሎ ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ታዘዘ፤ የመጣው ግን ሬጂስተርድ የሚባለው ሌላ ዓይነት ሆነ። ማዘርቦርዱ የሚቀበለው አንበፈርድ ኢሲሲ ብቻ ነው። በዲዲአር4 የራም ትውልድ ሁለቱ ዓይነቶች አንድ ዓይነት ማስገቢያ ላይ ስለሚገጥሙ ራሙ ያለ ምንም ችግር ገባ፤ ማሽኑ ግን ፋኑን ከማሽከርከር በቀር ስክሪን ላይ ምንም አላወጣም። (በዲዲአር5 የራሙ ጠርዝ ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ እንዲህ ያለ ስህተት ገና ሲያስገቡት ይታወቃል።) ትክክለኛው ራም ከመጣ በኋላም ሌላ ማጣራት አለ። አንዳንድ ማዘርቦርድ የኢሲሲ ራምን ይቀበላል፣ የማረም ሥራውን ግን አይጠቀምበትም። ይህን የሚያሳየው ሊኑክስ ሲነሳ በከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መልእክት ውስጥ ኢዳክ የሚለው ክፍል ሥራ መጀመሩ ነው፤ የካርቶኑን ጽሑፍ ማመን አይበቃም።

መገጣጠሙ የሚወራለትን ያህል አይደለም። ከዚያ የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሙሉ ሌሊት ተለቀቀ፣ ዲስኮቹም ረጅሙን የራስ ፈተና አለፉ። ባዮሱ ላይ መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሳ ተደረገ፤ ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ሰው ሌሊት ቢሮ ድረስ የሚጠራበት ቦታ ብዙ ነው።

ዴቢያን 12 የተባለው ሊኑክስ ተጫነ፤ ሁለቱ ዲስኮች ኤምዲአድም በሚባል ፕሮግራም ሬይድ 1 ሆነው ተጣመሩ። የተጻፈው ሁሉ በሁለቱም ላይ ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል ማለት ነው። አስተዳዳሪዋ እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉትን አደረገች። ዳታ ሳይገባበት በፊት ማሽኑን አጥፍታ የመጀመሪያውን ዲስክ ነቀለች፣ አበራችው። አልተነሳም። ስክሪኑ ላይ የሚነሳበት ዲስክ እንደሌለ የሚናገር መልእክት ብቻ።

«ሁለት የገዛነው ለዚህ አልነበረም እንዴ?» አለ የግዢ ክፍሉ ሰው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በኢኤፍአይ፣ ማለትም ባዮስን በተካው የማስነሻ ሥርዓት፣ የሚነሳ ማሽን መጀመሪያ የሚያነበው በፋት32 የፋይል አደራጀት የተዘጋጀችውን ትንሿን የኢኤፍአይ ክፍልፋይ ነው። ኢንስቶለሩ ይህችን የሚሠራት በአንድ ዲስክ ላይ ነው፤ ከሬይዱም ውጭ ናት። ሲስተሙና ፋይሎቹ በሁለተኛው ዲስክ ላይ ሙሉ በሙሉ አሉ፤ በሩን የሚከፍትላቸው ግን የለም። መፍትሔው ሁለተኛው ዲስክ ላይ በተመሳሳይ መጠን ክፍልፋይ ፈጥሮ በፋት32 ማዘጋጀት፣ የመጀመሪያውን ይዘት እንዳለ መገልበጥ፣ ከዚያ በኢኤፍአይ ቡት ማኔጀር ለሁለተኛው ዲስክ የራሱን የመነሻ መስመር መመዝገብ ነው። ግረብ የሚባለው የሊኑክስ ማስነሻ በታደሰ ቁጥር ቅጂው ወደ ሁለተኛው እንዲሄድ አጭር ስክሪፕት ተጨመረ።

ሁለተኛው ሙከራም አልተሳካም፤ ግን በሌላ መንገድ። አሁን ማሽኑ መነሳት ጀመረ፣ ለ90 ሴኮንድ ቆመ፣ ከዚያ ወደ አደጋ ጊዜ ሁኔታ ገብቶ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ሲነሳ የሚያያዙትን ክፍልፋዮች በሚዘረዝረው ኤፍኤስታብ ፋይል ላይ የኢኤፍአይ ክፍልፋይዋ በመጀመሪያው ዲስክ መለያ ተጽፋለች፤ ዲስኩ ስለሌለ የማስነሳቱን ሥራ የሚመራው ሲስተምዲ ጠብቆ ጠብቆ ተስፋ ቆረጠ። በዚያ መስመር ላይ ኖፌል የሚለው አማራጭ ሲጨመር ማሽኑ ክፍልፋይዋን ሳይጠብቅ ተነሳ። ከዚያ የተነቀለው ዲስክ ተመልሶ ተገጠመ፣ ሬይዱ መልሶ እስኪመሳሰል ተጠበቀ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ዲስክ ተነቅሎ ያው ፈተና ተደገመ። መመሳሰሉ ሳያልቅ ሌላኛውን መንቀል ያልተሟላውን ዲስክ ብቻውን መተው ነው፤ የሬይዱን ሁኔታ የሚያሳየው ኤምዲስታት ፋይል መቶ በመቶ እስኪል ዲስክ አይነካም።

ዳታቤዙ ሲገባ የመጣው ጣጣ ለአማርኛ ድረ ገጽ ባለቤቶች ሁሉ የሚጠቅም ነው። በአዲሱ ሰርቨር ጽሑፉ ሁሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ወጣ፤ እያንዳንዱ ቡድን ምልክት ደግሞ ጭረት ባላት ያቺው የላቲን ፊደል ይጀምራል። ይህ ራሱ ምርመራውን ያቀለዋል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የመለወጫ ሥርዓት) እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፣ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ነው። አሮጌው የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ ማሪያዲቢ 5.5፣ ሠንጠረዦቹን ሲፈጥር የወሰደው ነባሪ ኢንኮዲንግ ላቲን 1፣ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ምልክት የሚቆጥረው፣ ነበር። ፕሮግራሙም ምን ኢንኮዲንግ እንደሚልክ ሳይናገር ባይቶቹን ያስገባል፣ ሲጠራም ያንኑ ባይት መልሶ ያገኛል። ሁለት ስህተት ተጣጥሞ ለዓመታት ትክክል ይመስል ነበር። ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚያወጣው ማይኤስኪውኤልደምፕ ግን ሲያወጣ «ይህ ላቲን 1 ነው» ብሎ አምኖ እንደገና ወደ ዩቲኤፍ 8 ቀየረው፤ ኢንኮዲንግ በኢንኮዲንግ ላይ ተደረበ።

መፍትሔው ከአሮጌው ሲወጣ የግንኙነቱን ኢንኮዲንግ ላቲን 1 ማድረግ ነው፤ ያኔ ባይቶቹ ሳይነኩ ይወጣሉ። ቀጥሎ በወጣው ፋይል ውስጥ ላቲን 1 የሚሉትን መስመሮች፣ የግንኙነቱንም የሠንጠረዦቹንም፣ ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ4 (በዳታቤዙ የሙሉው ዩቲኤፍ 8 ስም) ለውጦ በአዲሱ ላይ ማስገባት። ትክክል መሆኑ የሚታወቀው አንድ ቃል ወስዶ የፊደል ብዛቱንና የባይት ብዛቱን በማስላት ነው፦ ሦስት ፊደል ያለው ቃል 3 እና 9 መስጠት አለበት። 9 እና 9 ከሰጠ ገና ላቲን 1 ነው።

ይህም ሆኖ ጥቂት መዝገቦች አልገባም አሉ። 255 ቦታ ያለው የርዕስ ዓምድ በላቲን 1 የሚይዘው 255 ባይት፣ ማለትም 85 የግዕዝ ፊደል ብቻ ነው። ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብ ሲቀላቀል ደግሞ ቁርጡ በአንድ ፊደል መካከል ሊያርፍ ይችላል። አሮጌው ዳታቤዝ ረጅሙን ርዕስ ዝም ብሎ ቆርጦ ኖሯል፤ ከ10.2.4 ወዲህ ያለው ማሪያዲቢ ጥብቅ ስለሆነ ግማሽ ፊደል አይቀበልም። እነዚያን መዝገቦች ለይቶ የተንጠለጠለውን ባይት መቁረጥ የግድ ነበር። የተቆረጠው የርዕስ ጫፍ ግን ከየትም አይመለስም።

ፋይሎቹ አርሲንክ በሚባል የመገልበጫ ፕሮግራም ከነፈቃዳቸው መጡ። ገጹ ይታያል፣ ምስል መጫን ግን አይቻልም። በሴንትኦኤስ አፓቼ የሚባለው የድር ሰርቨር የሚሠራበት ተጠቃሚ ቁጥር 48 ነው፤ በዴቢያን የድር ሰርቨሩ ተጠቃሚ 33 ነው። የፋይሎቹ ባለቤት አዲሱ ማሽን የማያውቀው 48 ሆኖ ቀርቷል፤ ለማንበብ ለሁሉም ክፍት ስለሆኑ ችግሩ የታየው መጻፍ ሲመጣ ነው። ባለቤቱን መቀየር የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው።

ክሮኑ፣ ማለትም በተወሰነ ሰዓት በራሱ የሚሠራው ትእዛዝ፣ ይበልጥ አደገኛ ነበር። አሮጌው ላይ በየሌሊቱ የሚሠራ፣ ሁለት መስመር ያለው ስክሪፕት ተገኘ፦ ወደ ባክአፕ ፎልደር ግባ፤ ከ7 ቀን ያለፈውን ፋይል ሰርዝ። በአዲሱ ላይ ያ ፎልደር በዚያ ስም የለም። መጀመሪያው መስመር ሲከሽፍ ትእዛዞቹን የሚያስኬደው ሼል አይቆምም፤ ሁለተኛው መስመር ስክሪፕቱ በቆመበት ፎልደር፣ በሩት (የዋናው አስተዳዳሪ መለያ) የግል ፎልደር ውስጥ፣ መሰረዝ ይጀምራል። አርሲንክ የፋይሎቹን የድሮ ቀን ስለጠበቀ ሁሉም ከ7 ቀን ያለፉ ናቸው። አስተዳዳሪዋ ክሮኖቹን አንድ በአንድ አንብባ ስላስገባች ሳይደርስ ተያዘ። ሁለቱን ትእዛዞች፣ የመጀመሪያው ከተሳካ ብቻ ሁለተኛው እንዲሄድ፣ ማያያዝ በቂ ነበር። ቢደርስ ኖሮ ሬይዱ አያድንም፤ የተሰረዘው ከሁለቱም ዲስክ በአንድ ቅጽበት ነው የሚሰረዘው።

ለዝውውሩ የዲኤንኤስ ቲቲኤል፣ ማለትም የገጹ አድራሻ በሌሎች ዘንድ ተይዞ የሚቆይበት ጊዜ፣ ከ86,400 ሴኮንድ ወደ 300 ወረደ፤ አሮጌው ዋጋ በየቦታው እስኪያልፍ አንድ ሙሉ ቀን መጠበቅ አለበት። እስከዚያው የሙከራ ኮምፒውተሮች ሆስትስ ፋይል ላይ አዲሱ አድራሻ ተጽፎ ገጹ በእውነተኛ ስሙ ተፈተሸ። በዝውውሩ ሌሊት አሮጌው ለጽሕፈት ተዘጋ፣ ዳታቤዙ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣ፣ አርሲንክ የተለወጠውን ብቻ አመጣ፣ አድራሻው ተቀየረ። አሮጌው ማሽን አልጠፋም፤ የሚመጣለትን ጥያቄ ሁሉ ወደ አዲሱ የሚያሳልፍ ፕሮክሲ ሆነ። ይህ ባይደረግ የድሮውን አድራሻ የያዘ ጎብኚ አሮጌው ዳታቤዝ ላይ ይጽፍና ጽሑፉ ይጠፋል። ከገጹ የሚወጣው ኢሜይል ግን ወደ ቆሻሻ መልእክት መግባት ጀመረ፤ በገጹ ስም ኢሜይል መላክ የሚፈቀድላቸውን የሚዘረዝረው የኤስፒኤፍ መዝገብ የድሮውን አይፒ ብቻ ይጠቅስ ነበር። አዲሱ ተጨመረ፣ ከአይፒ ወደ ስም የሚመራው የተገላቢጦሽ ዲኤንኤስም ተስተካከለ።

ዘግይቶ የመጣው የሰርተፍኬቱ ነገር ነው። ግንኙነቱ እንዲመሰጠር የሚያስፈልገው የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት ለ90 ቀን ያገለግላል፤ ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም ወደ 30 ቀን ሲቀረው ያድሰዋል። ፎልደሩ የተገለበጠው ግን በተራ ቅጂ ስለነበር ላይቭ በሚለው ፎልደር ውስጥ ያሉት አቋራጭ ማያያዣዎች ወደ እውነተኛ ፋይል ተለውጠዋል። ገጹ ላይ ምንም አይታይም፤ ሰርትቦት ግን ማያያዣ ሲጠብቅ ፋይል ስላገኘ አላድስም ይላል። ፎልደሩ ከአሮጌው ማያያዣዎቹን በሚጠብቅ አርሲንክ ዳግመኛ መጣ፣ የማደስ ልምምዱም ያለ ስህተት አለፈ። ልምምዱ የማያሳየው አንድ ነገር አለ፦ በአዲሱ ማሽን ያለው የድር ሰርቨር፣ ኤንጂንኤክስ፣ ሰርተፍኬቱን የሚያነበው ሲነሳ ወይም ቅንብሩን እንደገና እንዲያነብ ሲታዘዝ ብቻ ነው። ዲስኩ ላይ የታደሰ ሰርተፍኬት እያለ ለጎብኚ ያለፈበትን ማሳየቱን ሊቀጥል ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ እድሳት በኋላ ኤንጂንኤክስ ሪሎድ እንዲደረግ የሚያዝ መስመር በሰርትቦት የዲፕሎይ ሁክ (ከእድሳት በኋላ በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ውስጥ ተጻፈ።