ዲከረንሱ በዋግ ሲመታ አኻያ ተከልኩ

የአባዬ ማሳ አዊ ዞን፣ አዲስ ቅዳም ከተማ አጠገብ ነው። አንድ ቃዳ ብቻ፣ ሩብ ሄክታር መሆኑ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ገብሱ ዘሩን እንኳ መመለስ ሲያቅተው፣ እንደ ሰፈሩ ሰው እኔም በ2007 ዓ.ም. ዲከረንስ የሚባለውን ለከሰል የሚሆን ዛፍ ተከልኩ።

የዘሩ ቅርፊት ድንጋይ ነው። የፈላ ውሃ አፍስሼ ካላሳደርኩት አይበቅልም። ችግኙን ሐምሌ ላይ ጤፉ መሀል አስገባሁት። በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ፣ በሁለተኛው ለከብት ሣር አጨድኩ። ከዚያ በኋላ ጥላው ምንም አያስበቅልም፤ መጠበቅ ነው።

በ2012 ለከሰል ደረሰ። ጉድ የሆንኩትም እዚህ ላይ ነው። እንጨቱን ከምሬ፣ ሣርና ቅጠል አልብሼ፣ አፈር ደፍቼበት ለኮስኩት። ጭሱ መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ነው፤ እርጥበቱ ነው የሚወጣው። እየሳሳ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ከሰሉ ደርሷል፣ ቀዳዳውን መድፈን ነው። እኔን ግን በ3ኛው ሌሊት እንቅልፍ ጣለኝ። ለካ የክምሩ ጎን ተደርምሶ አየር ገብቷል። ጠዋት ስነሳ ግማሹ አመድ!

«አልጋህን እዚሁ ለምን አላወጣኸውም?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ እየሳቁ።

ሁለተኛው ዙር ገና ለጋ ሳለ ዋግ የሚባለው የቅጠል በሽታ መጣ። ቅጠሉ ቡናማ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ፣ በመሀሉ ያለፈ ሰው ልብሱ ቀልቶ ይወጣል። ሁላችንም አንድ ዓይነት ዛፍ ስለተከልን ከማሳ ማሳ ሲዘል የሚያግደው አልነበረም። ዲከረንስ ደግሞ እንደ ባህር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥልህም፤ እንደገና ከዘር ነው የሚጀመረው።

አሁን ማሳው ላይ ድንች አለ። የወንዙን ዳር ግን አኻያ ተከልኩበት። ስዊድኖች አኻያን እንደ ሰብል ተክለው፣ በየ3 እና 4 ዓመቱ በማሽን እያጨዱ ቤት ያሞቁበታል። የእኔ ማሽን ገጀራ ነው። አውራ ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ በ2 ስንዝር ቆርጦ እርጥብ መሬት ላይ መሰካት፣ በቃ። ዘር የለ፣ ፕላስቲክ የለ። ከተከልኳቸው 40 ውስጥ 9ኙን ፍየል በላብኝ፤ አጥሩን ቀድሜ ማጠር ነበረብኝ።

እንጨቱ ቀላል ስለሆነ ለከሰል አይሆንም። እማዬ ግን ወዳዋለች። «ለምጣድ ነበልባል እንጂ ፍም ምን ያደርግልኛል?» ትላለች።

ባለፈው ሚያዝያ የደረሱትን ከሥር ቆረጥኳቸው። ሐምሌ ላይ ከየጉቶው 5 እና 6 ቀንበጥ ወጣ። ፍየሎቹም አይተውታል።