በኮካ ኮላ ፋንታ

የተለያዩ ለስላሳ መጠጦችን ለሱቆች፣ ለካፌዎችና ለግሮሰሪዎች በሚያከፋፍል አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሥልጠና ኃላፊ ሆኜ ለሰባት ዓመታት ሠርቻለሁ። አዲስ የሚቀጠሩ የሽያጭ ሠራተኞችን ለሦስት ቀናት የማሠልጠን ኃላፊነት የእኔ ነበር። ስለ ደረሰኝ አቆራረጥ፣ ስለ ባዶ ጠርሙስና ሳጥን አመላለስ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው የተቃረበ መጠጥ እንዴት ተለይቶ እንደሚወጣ፣ ከደንበኛ ጋር እንዴት መነጋገር እንደሚገባ አስተምራቸዋለሁ። በሦስተኛው ዓመቴ ላይ ሥራ አስኪያጃችን ቢሮአቸው ጠርተውኝ፣ ሻጮቻችን የሚሸጡትን መጠጥ ታሪክ ቢያውቁ ከደንበኛ ጋር መግባባት እንደሚቀላቸው ነገሩኝና፣ ስለ መጠጦቹ አመጣጥ ከሦስት ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ አዘጋጅቼ በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን እንዳቀርብ አዘዙኝ።

ሥራውን በደስታ ተቀበልሁት። ስለ ኮካ ኮላ ስጽፍ የገጠመኝ ችግር አልነበረም፤ ጆን ፔምበርተን የተባለ የአትላንታ ፋርማሲስት እ.ኤ.አ. በ1886 እንደቀመመውና መጀመሪያ ላይ አንዱ ብርጭቆ በ5 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጥ እንደነበር አስፍሬ አለፍሁ። ፋንታ ላይ ስደርስ ግን ታሪኩ ራሱ ያዘኝ። ሁለት ምሽት አንብቤ፣ መጠጡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በጀርመን አገር እንዴት እንደተወለደ የሚተርክ ረጅም አንቀጽ ጻፍሁ። በማግሥቱ ጠዋት ሳነበው ፍርሃት ገባኝ። ስለ ናዚ ጀርመን የሚያወራ ወረቀት ለሻጮች ሰጥቼ ነገ ደንበኛ ፊት ቢያነሡትስ ብዬ አሰብሁ። አንቀጹን ሰረዝሁና በምትኩ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስገባሁ፦ «ፋንታ ብርቱካን እ.ኤ.አ. በ1955 በጣልያን አገር በኔፕልስ ከተማ ለገበያ ቀረበ።» ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት አልነበረም። ሕሊናዬን ያሳረፈውም ይኸው ነበር።

ሥልጠናው የሚሰጠው በመጋዘኑ አንድ ጥግ፣ እስከ ጣሪያው በተደረደሩ ሳጥኖች መካከል በተዘረጉ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ነበር። ጽሑፉን አንብቤ ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። ቀደም ሲል በታላቅ ወንድሙ ካፌ ውስጥ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ፋንታን ሂትለር ነው ያሠራው የሚሉ ደንበኞች አሉ፤ እንደዚያ ሲሉን ምን ብለን እንመልስ?» አለኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የሰረዝሁት አንቀጽ ቃል በቃል በአእምሮዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። እኔ ግን «የሰው ወሬ ነው፤ መጠጡ የተሠራው ጣልያን አገር ነው፤ እንዲህ ብላችሁ መልሱ» አልሁ። ልጁ ደብተሩን ገልጦ መልሴን ሲጽፍ አየሁት። ከዚያች ቀን ነገር ሁሉ እስካሁን የሚቆረቁረኝ ያ አጻጻፉ ነው፤ አምኖኝ ነበር የጻፈው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ወጣት ከመስመር ሥራ ላይ ደወለልኝ። ድምፁ ተለውጧል። አንድ የካፌ ባለቤት ዕቃ አልረከብም ብለውት፣ ያወረዳቸውን ሳጥኖች ከረዳቱ ጋር መልሶ እየጫነ ነበር። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። በጨዋታ መካከል የፋንታ ነገር ተነሥቶ፣ ልጁ ያስተማርሁትን መልስ ሲሰጣቸው «ይህን ያስተማረህ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል» አሉት። ቀጥለውም ከሳጥኑ አንድ ጠርሙስ አንሥተው፣ እርጥበት የነካውንና የደበዘዘውን የመጠቀሚያ ጊዜ ማኅተም በጣታቸው እያሳዩ «ታዲያ ይህ ቀን እውነት ስለ መሆኑ በምን አውቃለሁ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ መልስ አልነበረውም። መልሱ የእኔ ዕዳ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አይሱዙው ላይ አብሬው ተሳፈርሁ። ካፌው ጠባብ ነው፤ አራት ጠረጴዛና አንድ ማቀዝቀዣ ብቻ ይዟል። ራሴን አስተዋውቄ ጥፋቱ የልጁ እንዳልሆነ፣ እያወቅሁ እውነቱን ያስቀረሁት እኔ እንደሆንሁ ነገርኋቸው። መምህሩ ለሁለታችንም ቡና አስቀዱና «እንግዲህ ያስቀረኸውን ንገረኝ» አሉኝ። በወረቀት ላይ የሰረዝሁትን አንቀጽ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ በቃሌ ተረክሁላቸው።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲፈነዳ ኮካ ኮላ በጀርመን አገር በእግሩ የቆመ ንግድ ነበር፤ ጠርሙስ የሚሞሉ ከ40 በላይ ፋብሪካዎች ነበሩት፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም በኤሰን ከተማ ነበር። ኃላፊው ማክስ ካይት የተባለ ጀርመናዊ ነው። የመጠጡ ዋና ቅመም ከአሜሪካ ስለሚመጣ፣ ጦርነቱ የባሕሩን መንገድ ሲዘጋው ፋብሪካዎቹ የሚሞሉት ነገር ሊያጡ ሆነ። ካይት ሠራተኞቹን በትኖ ፋብሪካዎቹን ከመዝጋት ይልቅ፣ አገር ውስጥ ከሚገኝ ነገር ሌላ መጠጥ እንዲቀመም አደረገ። በጦርነት ኢኮኖሚ ውስጥ ግን ጥሩው ነገር ሁሉ የተያዘ ነው። የተገኘው ሌሎች የምግብ ፋብሪካዎች የማይፈልጉት ብቻ ነበር፤ አይብ ሲወጣ የሚቀረው አጓትና ፖም ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ቃጫ። ካይት ራሱ በኋላ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ የተጠቀሙበትን ነገር ከተረፈም የተረፈ ብሎ ጠርቶታል። የፍራፍሬው ዓይነት በተገኘው ልክ ስለሚለዋወጥ ጣዕሙም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለያይ ነበር። ዛሬ ፋንታ ሲባል የሚታየን ብርቱካናማ ቀለምም ሆነ የብርቱካን ጣዕም በዚያ መጠጥ ውስጥ አልነበረም።

ስሙ የወጣለት በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ነው። ካይት ሠራተኞቹን ሰብስቦ የምናብ ኃይላችሁን ተጠቀሙ አላቸው። ምናብ በጀርመንኛ «ፋንታዚ» ነውና፣ ጆ ክኒፕ የተባለ የሽያጭ ሠራተኛ ወዲያው «ፋንታ!» አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 መጠጡ በዚሁ ስም ወጣ። ይህን ስናገር አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ቀና ብሎ አየኝ። ስሙን ያወጣው እንደ እሱ ያለ ሻጭ መሆኑን በወረቀቴ ላይ አላገኘውም ነበር፤ ከሰረዝሁት አንቀጽ ጋር አብሮ ጠፍቶበት ነበር።

መጀመሪያ ላይ መጠጡ የሚጣፍጠው ሳካሪን በተባለ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ፋንታ ከስኳር ራሽን ነጻ ተደርጎ ከቀይ ሥር ዝርያ የሚገኝ የቢት ስኳር 3.5 በመቶ እንዲጨመርበት ተፈቀደ። በራሽን በሚኖር ሕዝብ መካከል ይህች ትንሽ ስኳር ትልቅ ነገር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1943 ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሳጥን ተሸጠ፤ ሁሉም ግን አልተጠጣም፤ ስኳር ያጡ እናቶች ሾርባና ወጥ ያጣፍጡበት ነበር። ስለዚህ መጠጥ ካነበብሁት ሁሉ ከልቤ ያልወጣው ይህ ነው። ፋብሪካዎች ሲቃጠሉና ከተሞች ሲፈርሱ፣ አንዲት ሴት የለስላሳ ጠርሙስ ከፍታ በድስት ላይ ስትገለብጥ ትታየኛለች።

መምህሩ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ሂትለር አላዘዘውም ማለት ነው» አሉ። አላዘዘውም፤ መንግሥት ያሠራው መጠጥም አልነበረም። ካይት የናዚ ፓርቲ አባል እንዳልነበረ ከጦርነቱ በኋላ በተደረገው ማጣራት ታውቋል። ጦርነቱ ሲያበቃም መጠጡን የግሉ አላደረገውም፤ ድርጅቱንና የፋንታን ስም ጭምር አትላንታ ላለው የኮካ ኮላ ኩባንያ አስረክቧል። መምህሩ ግን በቀላሉ የሚለቁ ሰው አልነበሩም። «አባል አለመሆኑ መልካም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ጀርመን ውስጥ ፋብሪካ እያሠራ፣ ፈቃድና ስኳር ከመንግሥት እያገኘ የኖረ ሰው ነው። ይህንንም አታስቀር» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ካይት በጀርመን ጦር በተያዙት አገሮች የነበሩትን የኮካ ኮላ ንብረቶች እንዲያስተዳድርም ተሹሞ ነበር። እኔ ሰውየውን ከወሬው ለማዳን ስጣደፍ ጀግና ላደርገው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ያም ሌላ ማስቀረት ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ እኔ ሂትለርን ከታሪኩ አወጣሁ፣ እሳቸው ደግሞ ካይትን ከነዘመኑ አስገቡ።

ኮካ ኮላ ወደ ጀርመን ገበያ ሲመለስ ያ የአጓት መጠጥ ቀረ። ስሙ ግን ተቀምጦ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ኔፕልስ ላይ በአካባቢው ብርቱካን ለተሠራ አዲስ መጠጥ ዋለ። ዛሬ በዓለም የምናውቀው ፋንታ የዚያ ልጅ ነው። ስለዚህ የእኔ ዓረፍተ ነገር ጣዕሙን ከትክክለኛው ቦታ ጀምሮታል፤ ስሙን ግን አሥራ አምስት ዓመት ከኋላው ጥሎታል። ደንበኞች በወሬ የሞሉት ደግሞ እነዚያን አሥራ አምስት ዓመታት ነው።

ከካፌው ከተመለስሁ በኋላ ነገሩን እንደገና ሳነብ፣ የፋንታ ባለቤት የሆነው ኩባንያም ከእኔ ጋር የሚመሳሰል ስሕተት ሠርቶ እንደነበር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፋንታ 75ኛ ዓመት በጀርመን አገር ሲከበር በተሠራ ማስታወቂያ፣ መጠጡ በቅመም እጥረት ምክንያት እንደተፈጠረ ተነግሮ፣ የዚያን «የደጉን ዘመን» ስሜት እንመልስላችሁ የሚል ቃል ገባበት። ተመልካቾች 75 ዓመት ወደ ኋላ ቆጠሩ፤ የደረሱበት 1940 ነው። ተቃውሞው በርትቶ ማስታወቂያው ተነሣ፤ ኩባንያውም መጠጡ ከሂትለርም ሆነ ከናዚ ፓርቲ ጋር ግንኙነት እንዳልነበረው መግለጽ ግድ ሆነበት። እጥረቱ ተነገረ፣ እጥረቱን ያመጣው ጦርነት ግን ሳይነገር ቀረ። ማስታወቂያው ጦርነቱን ጠቅሶ ቢጀምር ኖሮ ደጉ ዘመን የሚለው ቃል በማንም ብዕር አይወጣም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወረቀቱን እንደ አዲስ ጻፍሁት። ለመጋዘን ኃላፊያችን፣ በሥራ ከእኔ ብዙ ዓመት ለሚበልጡ እትዬ፣ አስቀድሜ አነበብሁላቸው። አጓቱ ላይ ስደርስ አስቆሙኝና «ይኸው ነው እንዴ? እኛ አገር አጓቱን ለጥጃ እንሰጣለን፣ እነሱ ሸጡት» አሉ፤ ቀጥለውም ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው «እንግዲያማ ስሙ ትክክል ነው፤ በኮካ ኮላ ፋንታ የተሠራ ነዋ» አሉ። ስሙ ከጀርመንኛ እንደመጣ አውቃለሁ፤ በእኛ ቋንቋ ምትክ የሚል ትርጉም ያለው ቃል መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ሠልጣኞች ታሪኩን የሚይዙት በዚህች በእትዬ አባባል ስለሆነ፣ አጋጣሚ መሆኑን አስረድቼ የክፍሉ ርእስ አደረግኋት።

ጽሑፉ አራት ገጽ ሆኖ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን አንብበው፣ ከሦስት ገጽ እንዳይበልጥ ማዘዛቸውን አስታወሱኝና የጀርመኑ ክፍል ቢያጥር ምን ይመስለኛል ብለው ጠየቁኝ። በካፌው የሆነውን ነገርኋቸውና፣ ማሳጠሩ የግድ ከሆነ ከሌላው ቦታ እንዲሆን ለመንኋቸው። ተስማሙ። አትላንታን ወደ ሁለት መስመር አሳጠርሁት፤ የኤሰኑ ታሪክ ሙሉውን ገጽ እንደያዘ ቀረ። የመጀመሪያውን ቅጂ ያ ወጣት በጠዋቱ ጭነት ለመምህሩ ወሰደላቸው፤ ሲመለስ የተረከቡበትን ደረሰኝ አስረከበኝ፤ አራት ሳጥን፣ አንዱ ፋንታ።