«ቅቤ የለውም»

ሰኞ ነው፤ ሁዳዴ ውስጥ ነን። ሒሳቤን ስዘጋ 10,000 ብር ሾርት ወጣብኝ። ድፍን 10,000! የባንክ መስኮት ላይ የሠራ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ሽርፍራፊ ከጎደለ ቆጠራ ላይ ተሳስቻለሁ። ድፍን ከጎደለ ግን የባለ መቶ ብር እስር መስሎኝ የባለ ሁለት መቶ ብር እስር ሰጥቻለሁ፤ አንዱ እስር መቶ ኖት ነው። የሁለት መቶ ብር ኖት በ2013 ከመጣ ወዲህ የያዘን በሽታ ነው። ከፋዩ ደግሞ እኔው ነኝ፣ ከደመወዜ።

ቅርንጫፋችን ውስጥ የጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ እናዋጣለን፤ የተቸገረ አባል ይበደራል። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ደንቡንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰብሳቢያችንን ጥግ ይዤ ጉዴን ነገርኩት።

«ብድር ለሐዘንና ለሕመም ብቻ ነው የሚለው፣ ወንድሜ» አለኝ። «አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍከው?»

እኔ ነኝ። «አባል የሚሆነው ኦርቶዶክሳዊ ብቻ ነው» የሚለውንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። ያኔ አጠገቤ ያለው መስኮት ላይ የምትሠራው ጴንጤ ልጅ «ጽዋው ይቅርብኝ፣ መዋጮው ውስጥ ግን ልግባ» ብላ ነበር። «የእምነት ጉዳይ ሆኖብን ነው፣ እህቴ» አልኳት። በትሕትና። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ትሕትናዬ ነው።

ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። እሷ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች፤ የቀኑን የወጪ ወረቀት ለሁለት ከፍላ ግማሹን ወሰደች። 12 ሰዓት ላይ ሆዴ ጮኸ። ሰምታለች መሰለኝ፣ ምሳ ዕቃዋን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ሽሮ ነው።

«ቅቤ የለውም» አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ።

«እናንተ ሁዳዴን አትጾሙ፣ ምነው?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት ‹ቅቤ አለው?› ብለኸኝ ነበር። አዎ ስልህ እጅህን ሰበሰብክ። ከዚያ ወዲህ ሁዳዴ ሲገባ አልጨምርበትም።»

«ደግሜ ጠይቄሽ አላውቅም እኮ!»

«ድንገት ከጠየቅክ ብዬ ነዋ።»

አመል ሆኖብኝ ቆጠርኩት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድን ብታወጡለት እንኳ፣ በየዓመቱ ስንት ምሳ ዕቃ!

በዋዜማው መጻጉዕ ነበር፣ የሁዳዴ አራተኛው እሑድ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ፣ 38 ዓመት የተኛው ሰውዬ «ሰው የለኝም» ማለቱ ሲነበብ አንጀቴ ተላውሶ ነው የወጣሁት። በማግስቱ ጠዋት ግን እሷን ደኅና አደርሽ ማለቴ ትዝ አይለኝም።

ሽሮውን በላሁ። ከመጉረሴ በፊት አንዴ አሸተትኩት፣ አልዋሽም።

ብሩን የወሰደውን አገኘነው፤ አንድ ነጋዴ ነው። ስሙን እያየሁ «የየትኛው እምነት ይሆን?» እያልኩ ስገምት ራሴን ያዝኩት። እሷ ስልክ ቁጥሩን እየፈለገች ነበር። ሰውዬው እስሩን ሳይፈታው አስቀምጦት ኖሮ፣ ጠዋት በፌስታል ይዞልን መጣ።

በሚቀጥለው ስብሰባ የአባልነቱ አንቀጽ ይሻሻል አልኩ። ሰብሳቢው አየኝና «10,000 ስላገኘችልህ ነው?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ተብሎ ተጻፈ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።