አጋዘኑን የጣለው ልጅና የእኔ ፉከራ

ሰሞኑን አንድ ፎቶ ጎንደር ደርሶ ጉድ አፍልቷል። ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ብርቱካናማ ኮፍያና ጃኬት አድርጌያለሁ፣ እጄ ላይ ወፍራም ሲጋር አለ፣ ከኋላዬ ቀንዳም አጋዘን ተሰቅሏል። ፒያሳ ያሉ ጓደኞቼ ሲቀባበሉት አዘዞ ደረሰ፣ ከአዘዞ ዞሮ እናቴ ቤት ገባ። አንዱ «እዛ አገር ሥጋ ተኩሶ መብላት ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ሌላው «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሥጋ ቤት ክፈታ!» አለኝ። እናቴ አጋዘኑን አላየችውም። ያየችው ሲጋሩን ነው። «ልጄን ሱስ በላብኝ» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ አልቅሳለች።

እናቴ ላይ አልፈርድም። እኛ ቤት ትምባሆ ስሙም በደህና አይነሳም። አጼ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው እንደከለከሉ ትልልቆቹ ዛሬም ያወሩታል። ስለዚህ እናቴም ጓደኞቼም እንዲረዱልኝ ነገሩን ከነምክንያቱ ልጻፈው። እግረ መንገዴን አንጀቴን ያቃጠለኝንም እናገራለሁ።

ያለሁት አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ግዛት ነው። እዚህ ኅዳር ሲመጣ የሰው ሁሉ ልብ ጫካ ይገባል። የጠመንጃ አደኑ ታንክስጊቪንግ ከሚሉት የምስጋና በዓላቸው በፊት ባለው ቅዳሜ ይከፈታል፣ 9 ቀን ይቆያል። በእነዚያ ቀናት ፋብሪካችን ግማሽ ሰው ይጎድለዋል። የእኛን ጾም ላስተዋለ ሰው ደግሞ የሚገርም ነገር አለው። መክፈቻው ቅዳሜ ሁልጊዜ ኅዳር 15 ሳይገባ ይውላል፣ መዝጊያው እሑድ ግን ሁልጊዜ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ነው። የጋበዘኝ የሥራ ባልደረባዬ ለመክፈቻው ስለጠራኝ ደስ አለኝ። አባቱ ሰሜን ጫካ ውስጥ የእንጨት ቤት አላቸው። የ14 ዓመት ልጁ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊተኩስ ነው። እኔ ጠመንጃ አልያዝኩም፣ እንግዳ ነኝ።

ጠዋት ገና ሲነጋ አንድ ተኩስ ሰማን። እኔ እልልታ ጠበቅሁ። ቢያንስ ጩኸት ጠበቅሁ። ምንም የለም። አያትየው ቡናቸውን ጨርሰው ኮፍያቸውን አደረጉና ቀስ ብለው ወጡ። ስንደርስ ልጁ አጋዘኑ አጠገብ ቆሟል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። አያቱ ጨበጡት፣ አባቱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። በቃ! ወዲያው ወደ ወረቀቱ ሄዱ። የተገደለ አጋዘን በማግስቱ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት መመዝገብ አለበት። ልጁ በስልክ አስመዘገበ። አንድ አዳኝ ግዳይ ጥሎ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ምዝገባ ሲሆን ያየሁት እዚህ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ለዱር እንስሳ የሚያዋጣው ይኸው ነው። እኛ ይህን ቀደም ብለን አውቀን ቢሆን ኖሮ ዋልያ ስሜን ተራራ ላይ ያን ያህል ባልሳሳ ነበር።

ከዚያ የደሙ ሥርዓት መጣ። አያትየው ሁለት ጣታቸውን ከአጋዘኑ ደም ነክረው የልጁን ግንባርና ጉንጭ ቀቡት። ይህ ለመጀመሪያ ግዳይ ብቻ ነው፤ ልጁ እስከ ማታ አልታጠበም። እኔም ለካምፑ አዲስ ስለሆንኩ ሊቀቡኝ ዞሩ። ግንባሬ የደመራ አመድና ጸበል የሚነካው ቦታ ነው፣ ደም አይነካውም አልኳቸው። አያትየው ወዲያው እጃቸውን መለሱ። ማንም አላኮረፈም፣ ማንም ደግሞ አልጠየቀኝም። ይህን አከብርላቸዋለሁ። የሚገርመኝ ግን እነዚሁ ሰዎች እኛ ቁርጥ በሚጥሚጣ እንደምንበላ ስነግራቸው ፊታቸውን አጨማድደው ነበር። ደም ፊት ላይ ሲቀባ ያልዘገነነው ሰው ቁርጥ ይዘገንነዋል!

ማታው ደስ ይል ነበር። ጠመንጃዎቹ ጥይታቸው ወጥቶ ሳጥን ውስጥ ካልተቆለፈባቸው በቀር ጠርሙስ አይከፈትም። ይህ የአያትየው ሕግ ነው። ቁልፉ ኪሳቸው ከገባ በኋላ ብርጭቆዎቹ ተደረደሩ። ዊስኮንሲኖች ኦልድ ፋሽንድ የሚባለውን መጠጥ በዊስኪ ሳይሆን በብራንዲ ነው የሚሠሩት። አያትየው ስኳሩን ብርጭቆው ሥር ጣሉ፣ ቢተርስ የሚሉትን መራራ ቅመም ጠብ ጠብ አደረጉበት፣ የብርቱካን ቁራጭና ቼሪ ጨምረው በእንጨት ወቀጡት። ከዚያ በረዶ፣ ከዚያ ብራንዲ፣ ከላይ ለስላሳ። ይጣፍጣል፣ ስለሚጣፍጥም ሰው ያታልላል። ቀጥሎ ዬገርማይስተር መጣ፤ ጀርመኖች ከ56 ዓይነት ቅጠላ ቅጠልና ቅመም የሚሠሩት። የዚህ አገር ሰው ብዙው ዘሩ ጀርመን ነው። ጠርሙሱ ላይ አጋዘን ተስሏል፣ በቀንዶቹ መካከል መስቀል ያበራል። የአዳኞች ጠባቂ የሚሉት የቅዱስ ሁቤርቱስ ታሪክ ነው። የመጠጥ ጠርሙስ ላይ መስቀል ማየት ለእኔ ከበደኝ። አሁንም ይከብደኛል።

ሲጋሩ እንዲህ ነው፣ እማ ስሚኝ። አያትየው ለግዳይ ቀን ብለው የሚያስቀምጧት አንዲት የእንጨት ሳጥን አለች። የሲጋሩን አናት በትንሽ መቁረጫ ቀጠፍ ያደርጉታል፣ ጫፉን ክብሪት ላይ እያሽከረከሩ ያግሉታል። ጢሱ ወደ ሳንባ አይገባም፣ አፍ ውስጥ ተይዞ ይለቀቃል። አንዱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ጨዋታውም የሚደምቀው በዚያች ሰዓት ነው። እኔ ለአያትየው ክብር ስል አፌ አስጠግቼ መልሼዋለሁ። ፎቶው የተነሳው ያኔ ነው። ሱሰኛ አይደለሁም። ሥጋውንም አልበላሁም። ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ከሚበሉት ተቆጥረዋል፣ አውቃለሁ። ግን በስመ አብ ያልተባለበት ሥጋ ጉሮሮዬ አይወርድም።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ። ልጁን «እስቲ እንዴት እንደገደልክ ተናገር» አሉት። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዕድል ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ አንዱ አጎት «አዎ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ነው የተኮስከው» ብሎ አሾፈበት። ሆዴን ባር ባር አለኝ። እኛ ዘንድ ገዳይ እንዲህ አይደረግም። በአያቶቻችን ጊዜ ከቋራና ከአርማጭሆ ቆላ ግዳይ ጥሎ የመጣ ሰው አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለት ነበር። ጎፈር ይደፋል፣ ጠጅ በዋንጫ ይቀርብለታል፣ ሴቶቹ በእልልታ ቤቱን ይነቀንቁታል፣ አዝማሪው ስሙን ከነአባቱ ያነሳዋል። እኛ ደግሞ እናበዛዋለን፤ ሦስተኛው ብርሌ ላይ ድኩላው ጎሽ ሆኖ ያድራል። ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ የገደለ ልጅ ሳይወደስ አይተኛም። ብድግ አልኩ። ሻርፔን እንደ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት፣ ከምድጃው አጠገብ የነበረ እንጨት አነሳሁ።

ዘራፍ!
ብርዱን እንደ ኩታ ደርቦ የዋለው፣
ባንድ ጥይት ብቻ ቀንዳሙን የጣለው!

ከዚያ በላይም ብያለሁ፣ የመጣልኝን ሁሉ። የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም አነሳሁለት። ወዲያ ሄድኩ፣ ወዲህ ተመለስኩ፣ ወለሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስጨርስ አያትየው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። ልጁ ፊቱ ቀልቷል፣ ግን ቀጥ ብሎ ነው የተቀመጠው። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ የዚያን ሌሊት ያህል ጎንደሬነቴ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። የእረፍት ክፍሉ ውስጥ ሰው አንድ ስልክ ከቦ ይስቃል። ጠጋ ብዬ ሳይ የማየው ራሴን ነው። ከእንግዶቹ አንዱ፣ እኛው ጋ የሚሠራ፣ ሳላውቅ ቀርጾኝ ኖሯል። ድምፁን ቀንሰው ከላዩ የዳንስ ሙዚቃ አስገብተውበታል። እኔ መኖሬን ሲያዩ ይቆማሉ ብዬ ነበር። አልቆሙም። አንዱ የመጥረጊያ እንጨት ትከሻው ላይ አድርጎ «ዛራ! ዛራ!» እያለ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይዘል ጀመር። ሌላው «የዝናብ ዳንስ ነው?» አለኝ፤ ክፋት የለውም፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እሱ ይባስ አቃጠለኝ። እጄ ላይ የነበረው ቡና እየፈሰሰ መሆኑን ያወቅሁት ጫማዬን ሲያርሰኝ ነው።

ተሳደብኩ? አልተሳደብኩም። ሙዚቃውን አጥፉት አልኩ። ይህ ዳንስ አይደለም አልኳቸው። ጣልያን ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻ ምሽጉን ያስረከበው የእኔ ከተማ ጎንደር ላይ ነው፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በእናንተ አቆጣጠር ኖቬምበር 27 ቀን 1941። አርበኞቻችን እየፎከሩ ነው ወደ ጥይት የገቡት፣ ብዙዎቹ አልተመለሱም። እኔ ለዚያ ልጅ የሰጠሁት ይህን ነው አልኳቸው። መጥረጊያ የያዘው ልጅ መጥረጊያውን ቦታው መለሰ። ይቅርታም ጠየቀኝ። የልጁ አባት ሲሰማ ቪዲዮውን ካለበት አስወርዷል። ግን አንዴ የተላከ ነገር መቼ ይሰበሰባል? ዛሬም የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ አይቶኝ ፈገግ ሲል ልቤ ይጠረጥራል።

ዲቪ ደርሷችሁ ወዲህ የምትመጡ ወንድሞቼ፣ አደን ቢጋብዟችሁ ሂዱ። ፈረንጅ ከሥራ ቦታ ይልቅ ጫካ ውስጥ ሰው ይሆናል። ግን ወረቀታችሁን ሳታውቁ ጠመንጃ አትንኩ። ግሪን ካርድ ያለው ይፈቀድለታል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር በፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። «አንዴ ያዝና ፎቶ እናንሳህ» ሲሏችሁ እንኳ እምቢ በሉ። የጎንደር ልጅ ጠመንጃ ሲያይ እጁን እንደሚበላው አውቃለሁ፣ እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ራሳችሁ ልታድኑ ካሰባችሁ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1973 ወዲህ የተወለደ ሰው እዚህ ፈቃድ ለማውጣት የአዳኝነት ትምህርት መጨረስ አለበት። ሥጋ ቤት ክፈት ላልከኝ ወዳጄም፣ የታደነ የአጋዘን ሥጋ መሸጥ ወንጀል ነው። ይበላል፣ ይሰጣል፣ አይሸጥም።

የምትበሉ ከሆናችሁ ደግሞ በጥሬው አትሞክሩት። ዊስኮንሲን ውስጥ ከ2002 ጀምሮ የሚታወቅ የአጋዘን የአንጎል በሽታ አለ፣ በማብሰልም አይጠፋም። ሰው ላይ እስካሁን አልተረጋገጠም፣ ግን የጤና ባለሙያዎች ናሙናው ተመርምሮ ውጤቱ ሳይመጣ አትብሉ ይላሉ። አያትየውም ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን አይነኩም። አንዳንድ ሐበሻ «ለብ ለብ አድርጌ» ሲል ስሰማ እፈራለታለሁ።

ዘንድሮም ጠርተውኛል። ልጁ ራሱ ነው የደወለልኝ፣ ታናሽ እህቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትተኩስ ስለሆነ ለእሷም እንድፎክርላት ይፈልጋል። እሄዳለሁ ብያለሁ፣ ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ለአያትየው ነግሬያለሁ፦ ጠርሙስ ከመከፈቱ በፊት የሁሉም ሰው ስልክ ከጠመንጃዎቹ ጋር ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ። እሺ ብለዋል።