በደሰኒ ሸለቆ፦ ከልወሊን ግንብ እስከ ሜሪ ጆንስ ጎጆ

ላንቪሃንገል አ ፔናንት በሰሜን ምዕራብ ዌልስ፣ ከካደር ኢድሪስ ተራራ በስተ ደቡብ፣ በደሰኒ ሸለቆ ያለች መንደር ናት። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቂት የበግ አርቢዎች ቤት፣ በቃ። ሱቅ ይገኛል ብላችሁ አትሂዱ፤ ምሳና ውኃ ያዙ።

መኪና የሌለው ሰው ከባሕር ዳርቻዋ ከተዊን በታል አ ሊን ባቡር ቢሳፈር ይሻለዋል። ሐዲዱ 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሰፋል። በ1860ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከተራራው ካባ የጣሪያ ድንጋይ ለማውረድ ተዘረጋ፤ ሊዘጋ ሲል በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ከ1951 ጀምሮ ያንቀሳቅሱታል። በአውሮፓ የብርድ ወራት ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ ፕሮግራሙን አስቀድሞ ማየት ግድ ነው። አበርገኖልዊን ወርዳችሁ በእግር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። በመኪና የመጣ ደግሞ መንገዱ አንድ መኪና ብቻ እንደሚያሳልፍ ይወቅ፤ ፊት ለፊት ስትገናኙ፣ ለመተላለፊያው ቦታ የቀረበው ነው ወደ ኋላ የሚመለሰው።

ከመንደሯ በፊት ካስቴል አ ቤር የሚባለውን ግንብ ታገኛላችሁ። መግቢያው ነጻ ነው። ታላቁ ልወሊን፣ የሰሜን ዌልስ ገዥ፣ አውራጃውን ከገዛ ልጁ ከግሪፊድ ነጥቆ በ1221 ያስጀመረው ነው። የግንቡን ቅርጽ የወሰነው ቋጥኙ ነው፦ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ግንቡም እንደዚያው ተዘረጋ። በሁለቱ ጫፎች ያሉትን ማማዎች ዞራችሁ እዩ፤ ከኋላ ቀጥ ያሉ፣ ከፊት የከበቡ ናቸው። ይህ የዌልስ ግንበኞች መለያ ነው፤ ክቡ ፊት ቀስተኛው ግራና ቀኝ እንዲያይ ያስችለዋል። ድክመቱ የደቡቡ ማማ ከዋናው ግንብ ተነጥሎ መቆሙ ነበር። አሁን የሚያያይዘው ግድግዳ እንግሊዞች ከያዙት በኋላ የጨመሩት እንደሆነ ይታመናል። በመግቢያው ዓለቱን ፈልፍለው ያወጡት ጉድጓድ አለ፤ ድንጋዩ ሲረጥብ ያንሸራትታልና ለስላሳ ሶል ጫማ እዚያ ጣጣ ያመጣል።

ግንቡ በሚያዝያ 1283 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤድዋርድ ቀዳማዊ ጦር እጁን ሰጠ። ንጉሡ በማግስቱ ዓመት ከግንቡ ሥር ከተማ ለማቋቋም ቢደነግግም፣ በ1294 የዌልስ ሰዎች አምፀው ከበቡት፤ ከዚያ ወዲህ ግንቡም ከተማውም ተተወ። በእኔ ግምት ስፍራውን ከድጋሚ ግንባታ ያተረፈው ይኸው መተው ነው።

ከአናቱ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ስታዩ ክራይግ አር አዴሪን የሚባለው ገደል ይታያል። ከባሕር ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ የባሕር ወፎች ጎጆ ይሠሩበታል፤ ጥንት ባሕሩ ሸለቆውን ይዞ እስከ ገደሉ ድረስ ይገባ ነበርና።

የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ሚካኤል ነው። ከእሱ አልፎ በድልድዩ አጠገብ የቲን አ ዶል ፍርስራሽ አለ፤ ዝቅ ያለ ግድግዳ፣ መሐሉ ላይ የመታሰቢያ ሐውልት። እዚህ ያደገችው የሸማኔ ልጅ ሜሪ ጆንስ፣ በ1800፣ በ15 ዓመቷ፣ ሳንቲም ስታጠራቅም ኖራ የዌልሽ መጽሐፍ ቅዱስ ልትገዛ እስከ ባላ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ ሄደች። ሰባኪው ቶማስ ቻርልስ ሰጣት። የሰጣት መጽሐፍ አንድ ነው ሦስት፣ አልቅሳለች አላለቀሰችም በሚለው ተራኪዎች አይስማሙም፤ ታሪኩ ሲነገር ሲነገር ቅመም ተጨምሮበታል። የማያከራክረው፣ ቻርልስ የመጻሕፍቱን እጥረት ይዞ ለንደን መሟገቱና በ1804 የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር መመሥረቱ ነው።

ለእኛ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚ ካይሮ ውስጥ ወደ አማርኛ የተረጎሙትን ረቂቅ በ1820 የገዛው ይኸው ማኅበር ነው፤ ወንጌላቱን በ1824፣ ሐዲስ ኪዳንን በ1829፣ ሙሉውን በ1840 አሳተመው።

የሜሪን መንገድ በእግር መድገም ለሚፈልግ፦ ኮረብታ ስለሚያቋርጥ በሁለት ቀን ከፍሉት። ሌላው በመኪና ባላ አጠገብ ላኒኪል ይሂድ፤ ቻርልስ የተቀበረው እዚያ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ስለ ሜሪ ዐውደ ርእይ ሆኗል። የእሷ መቃብር ግን ወደ ተዊን ስትመለሱ መንገድ ላይ፣ ብሪንክሪግ ነው።