ዛሬ የ12ኛ ክፍል ልጆቼን ወረቀት ሳነብ ዋልኩ

ለምረቃ መጽሔታቸው ስለራሳቸው እንዲጽፉ ወረቀት ሰጥቻቸው ነበር፤ ዛሬ ሰበሰብኩት። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማርኳቸውን ልጆች በደንብ አላውቃቸውም ነበር!

ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማው ልጅ፣ ጠዋት ከባንዲራ በኋላ በሚኒ ሚዲያ ዜና የምታነበው እሷ ናት። "ማይክ ስይዝ ፍርሃቴ ይጠፋል" ብላ ጽፋለች። ጋዜጠኛ መሆን ነው የምትፈልገው፤ እናቷ ግን ሐኪም እንድትሆንላቸው ይመኛሉ። ከኋላ ወንበር የሚረብሸኝ ልጅ ደግሞ ከትምህርት በኋላ ሞባይል ይጠግናል። ወረቀቱ ጥግ ላይ የስልክ ቦርድ ስሏል፣ እያንዳንዷን ቀጭን መስመር በጥቁር እስክሪብቶ፣ ከሥሩም "ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ" ብሎ ጽፎበታል። ደጋግሜ አየሁት።

ከቀይ መስቀል ክበብ ልጆች ብዙዎቹ ነርስነት ይፈልጋሉ፣ የኳስ ቡድናችን በረኛ ደግሞ ፓይለት።

ብሔራዊ ፈተናው ግን ያስጨንቀኛል፣ አልዋሽም። የ2014ቱን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከቅዳሜ ጀምሮ ማጠናከሪያ አለን፤ ያንን የኋላ ወንበር ልጅ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ለልጅቷ እናትም ነገ እደውላለሁ።