ከቺካጎ ወደ ዊልያምስ ቤይ፦ በቻንድራሴካር መንገድ

ከቺካጎ ወጥተን ወደ ሰሜን ምዕራብ ስንነዳ ፎቆቹ አልቀው የበቆሎ ማሳ ተተካ። ወሩ ጥቅምት ስለነበር ገበሬዎቹ በማጨጃ መኪና እህላቸውን ይሰበስቡ ነበር። ጓደኛዬና እኔ የምንሄደው በዊስኮንሲን፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ዊልያምስ ቤይ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የከዋክብት ፊዚክስ ሊቁ ሱብራማኒያን ቻንድራሴካር ብርዱንና በረዶውን ችለው ከዚያ እየነዱ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው፣ በአንዱ ትምህርት የነበሯቸው ተማሪዎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ጹንግ ዳኦ ሊ እና ቼን ኒንግ ያንግ። ሁለቱም በ1957 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። መምህራቸው ይህ ሽልማት የደረሳቸው በ1983 ነው።

ቻንድራሴካር ይሠሩበት የነበረው፣ በ1897 የተከፈተው የየርክስ ኦብዘርቫቶሪ (የከዋክብት መመልከቻ ተቋም) ከዛፎች መካከል ድንገት ብቅ ይላል። በትልቁ ጉልላት ሥር ያለው ቴሌስኮፕ የሌንሱ ስፋት 102 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለምርምር ከዋሉት ባለሌንስ ቴሌስኮፖች የሚበልጠው የለም። ቴሌስኮፑ ባዘነበለ ቁጥር የሚታይበት ጫፍ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ የክፍሉ ወለል በሙሉ እንደ ሊፍት ይወጣል፣ ይወርዳል። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ብዙ ቆየሁ።

የቻንድራሴካር መሣሪያ ግን ብዕርና ወረቀት ነበር። በ1930፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ ከሕንድ ወደ እንግሊዝ በሚጓዘው መርከብ ላይ አንድ ጥያቄ ያሰላሉ፦ ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ በራሱ ክብደት እንዳይደረመስ የሚያግደው ምንድን ነው? ታፍነው የታመቁት ኤሌክትሮኖች የሚፈጥሩት ግፊት ነው። ኮከቡ በከበደ መጠን ግን ኤሌክትሮኖቹ ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋሉ፤ በዚህ ላይ የአንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ሲታከል፣ ከፀሐይ መጠነ ቁስ 1.4 እጥፍ ገደማ ያለፈውን ኮከብ ያ ግፊት ሊሸከመው አይችልም።

ጥር 1935 ለንደን ላይ ይህን ሲያቀርቡ፣ ዝነኛው የሥነ ፈለክ ሊቅ አርተር ኤዲንግተን ተነስተው በጉባኤው ፊት አጣጣሉባቸው። ከዚህም የባሰ የሚያበሳጨኝ፣ ትክክል መሆናቸውን በግል የነገሯቸው ታላላቅ የፊዚክስ ሊቃውንት በአደባባይ ዝም ማለታቸው ነው።

ቻንድራሴካር ጠብ አላሳደዱም። ሥራቸውን በመጽሐፍ አደራጅተው ወደ ሌላ ጥናት ተሻገሩ። በ1937 ከባለቤታቸው ከላሊታ ጋር ወደ የርክስ መጥተው እስከ 1964 በዊልያምስ ቤይ ኖሩ። አንድ ርዕስ ይዘው ለዓመታት ያጠናሉ፣ ወፍራም መጽሐፍ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ወደ አዲስ ርዕስ ያልፋሉ፦ የከዋክብት እንቅስቃሴ፣ የብርሃን ጉዞ፣ በኋላም የጥቁር ጉድጓዶች ሒሳብ።

ስንመለስ የተከራከርነው ስለ 1944 ነው። በዚያ ዓመት ኤዲንግተን ሲሞቱ፣ ቻንድራሴካር የመታሰቢያ ንግግር አድርገው ታላቅነታቸውን መስክረውላቸዋል። ጓደኛዬ «ይቅርታ ነው» አለኝ። ለእኔ ግን ፍትሕ ነው። ቻንድራሴካር በተማሪነታቸው ስለ ከዋክብት ውስጣዊ አሠራር የተማሩት ከኤዲንግተን መጽሐፍ ነበርና፣ ስለ አንድ ቀን በደል ያንን ውለታ መካድ አልፈለጉም።